አይጥን የምንዋጋው ያለ ጊዜው ነው

የወለጋ ገበሬ በቆሎውን ኅዳር ላይ ወደ ጎተራ ሲያስገባ ከአይጥ ጋር ጦርነት ይጀምራል። ወጥመድ ይገዛል፤ መርዝ ይበጠብጣል፤ ድመት ይዋሳል። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ ነገሩ አንድ ነው። እኔ ግን ይህ ጦርነት ስድስት ወር ዘግይቶ የሚከፈት ነው እላለሁ። ክቡራን መምህራንና ወላጆች፣ እናንተም የክፍል ጓደኞቼ፣ ምክንያቴን በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

በኦሮምኛ ሃንቱታ የምንላት ይህች ፍጥረት እንዲሁ በዘፈቀደ አትራባም። በላቦራቶሪ የምትኖረው እንስት አይጥ በየአራት ወይም በየአምስት ቀኑ እንቁላል ትለቃለች። እንቁላሉ ሲበስል ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን በደሟ ውስጥ ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን አይበቃም። በአንጎሏ ውስጥ ብርሃንና ጨለማን በዓይን በኩል እየተረዳ የሚሠራ ሰዓት አለ። ያ ሰዓት ከቀትር በኋላ ምልክት ሲሰጥ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ሌላ ሆርሞን ታፈሳለች፤ በዚያው ሌሊትም እንቁላሉ ይለቀቃል። በ1950 እ.ኤ.አ. ኤቨረትና ሶየር የተባሉ ሊቃውንት ለአይጦች ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ማደንዘዣ ቢሰጧቸው፣ እንቁላሉ የዘገየው ለጥቂት ሰዓት ሳይሆን ለአንድ ቀን ሙሉ ነበር። የደምቢ ዶሎ አውቶቡስ ያመለጠው መንገደኛ የነገውን እንደሚጠብቅ ማለት ነው!

ይህ የቀኑ ሥርዓት ነው። የዓመቱስ? በሰሜን አገሮች የቀኑ ርዝመት ራሱ ለአውሬው እንደ ቀን መቁጠሪያ ያገለግላል። ሌሊቱ ሲረዝም ፓይኒያል የተባለች ዕጢ ሜላቶኒን የተባለውን ሆርሞን ለረጅም ሰዓት ታመነጫለች። ሃምስተር የሚባለው እንስሳ ብርሃኑ ከ12 ሰዓት ተኩል ሲያንስበት የወንዱ የዘር ፍሬ ይኮማተራል፤ መራባቱም ይቆማል። ስቶክሆልም ላይ የክረምቱ ቀን 6 ሰዓት ያህል፣ የበጋው ከ18 ሰዓት በላይ ነውና ምልክቱ ግልጽ ነው። በነቀምቴ ግን በረጅሙ የሰኔ ቀንና በአጭሩ የታኅሣሥ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ የእኛ አይጥ ዘመኑን በምን ታውቃለች?

በዝናብ ነው። በታንዛኒያ የበቆሎ እርሻዎች ማስቶሚስ በተባለችው ባለ ብዙ ጡት አይጥ ላይ የተደረገው ጥናት፣ መራባቷ የዝናቡን መምጣትና የሣሩን ማቆጥቆጥ ተከትሎ እንደሚሄድ አሳይቷል። ይህች አይጥ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ልትወልድ ትችላለች፤ የምታረግዘውም ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በእኛ አገር ዝናቡ ከግንቦት እስከ መስከረም ሲጥል ስንት ትውልድ እንደሚፈለፈል አስሉት። ኅዳር ላይ የምንገድላት የልጅ ልጅ ናት።

ስለዚህ ዘመቻው መሆን ያለበት ሚያዝያ ላይ፣ ድርቁ ቁጥራቸውን ባሳነሰ ጊዜ ነው። የእርሻው ዳር ሣር ይታጨድ፤ ጉድጓዱ በደቦ ይቆፈር፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢቆፍር የጎረቤቱ አይጥ ይወርሰዋልና። ገበሬው በሚያዝያ እርሻ ላይ ነው፣ ጊዜ ከየት ያመጣል የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ሥራው ከባድ ነው። ነገር ግን አንዲት ያላረገዘች አይጥ መግደል በኅዳር ስንት አይጥ ከማሳደድ ያድናል! መርዙማ ድመቱንና ጉጉቱን ጭምር ይገድላል፤ እነርሱ ደግሞ ያለ ደመወዝ የሚሠሩልን ናቸው።

አፈወርቅ በቀለና ኸርቪግ ሌርስ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የበቆሎ እርሻና የሣር ሜዳ አይጦች ላይ ያደረጉትን ጥናት በ1997 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። ለወለጋም የራሷ መዝገብ ያስፈልጋታል። የባዮሎጂ ክበባችን በመምህር ተቆጣጣሪነት፣ ጓንት አድርጎ፣ በየወሩ በወጥመድ ከተያዙት ስንቶቹ እርጉዝ እንደሆኑ፣ የዝናቡንም መጠን ጎን ለጎን ይጻፍ። ደብተሩን እኔ እገዛለሁ፤ የመጀመሪያው ዓመት ቁጥርም በሚመጣው መጽሔታችን ይውጣ።