የተሰነጠቀውን መቀመጫ ማን ይለውጠው?

ስለ ንጽሕና ማስተማር ከሥራችን አንዱ ነው። ዝንብ ከሽንት ቤት ወደ ምግብ በሽታ እንዴት እንደምታመላልስ በሰሌዳ ላይ አሳምረን እንሥላለን። ታዲያ እቤት ያለው የሽንት ቤት መቀመጫ ሲሰነጠቅስ? ስንቱ የተማረ ሰው ነው ከሥሩ ጨርቅ ጎዝጉዞ «ቧንቧ ሠራተኛ እስኪገኝ» እያለ ወሩን የሚገፋው! ጊዜ አጥቶ ነው እንዳንል፣ ጊዜውስ አለ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እስክሪብቶ የያዘ እጅ እንዲህ ያለ ሥራ አይነካም የሚል አሮጌ ንቀት ነው የያዘው።

ንቀቱ ዛሬ የበቀለ አይደለም። በአገራችን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ዛሬም አለ።

ለመሆኑ ሥራው ያን ያህል ከባድ ነው ወይ? በመጀመሪያ ወለሉን አድርቆ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማየት ነው። የሚያፈሰው መጋጠሚያው ከሆነ ጎማውን መለወጥ ብቻ ይበቃ ይሆናል። የተሰነጠቀው ሸክላው ራሱ ከሆነ ግን ማጣበቂያ አያዛልቀውም፣ መለወጥ አለበት። አዲሱ ከመገዛቱ በፊት ቆሻሻው የሚወጣው በወለል ነው ወይስ በግድግዳ፣ ቧንቧውስ ከግድግዳው ስንት ሳንቲ ሜትር ይርቃል የሚለው ይለካ። ያለ ልክ የተገዛ መቀመጫ ተመልሶ ወደ ሱቅ ነው።

ከዚያ ውሃው ይዘጋል፤ በሳጥኑና በመቀመጫው የቀረው ተጨልፎ ይደርቃል። ቱቦውና ብሎኖቹ ይፈታሉ፣ ሲሚንቶው በዝግታ ይፈለፈላል። የተሰበረ ሸክላ እንደ ጠርሙስ ይቆርጣልና ጓንት ያስፈልጋል፤ ክብደት ስላለውም ማንሣቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የተከፈተው ቧንቧ ወዲያው በጨርቅ ይወተፍ፤ አዲሱ ሲገባ ጨርቁን ማውጣት እንዳይረሳ! አዲሱ በአዲስ ጎማ ይገጠማል፣ በውሃ ልክ ይስተካከላል። ብሎኖቹ በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት ይጠብቁ፤ በኃይል የጠበቀ ብሎን አዲሱንም ይሰነጥቀዋል። በሲሚንቶ የተያዘ ከሆነ ሳይደርቅ አይቀመጡበትም።

ጨርቁ ለምን አስፈለገ? ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በመቀመጫው ሥር ያለው ጠማማ ቧንቧ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይይዛል፤ ያ ውሃ ነው የፍሳሹን መጥፎ አየር ከቤት የሚያግደው። አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለ ሰው በእንግሊዝ አገር በዚህ ዓይነት ጠማማ ቧንቧ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ይህን በእጁ ፈትቶ የገጠመ መምህር ለተማሪው ሲያስረዳ ቃሉ ይለያል።

እንዲህ ስንል የቧንቧ ሠራተኛውን እንጀራ እንንጠቅ ማለታችን አይደለም። በወለል ውስጥ ያለው ቧንቧ ከተሰበረ፣ ወይም ፍሳሹ ከጎረቤት ጋር የጋራ ከሆነ፣ ባለሙያውን መጥራት ነው። ያኔም ቢሆን ድካሙን የሞከረ ሰው ዋጋ ሲከራከር ሰውየውን አያዋርድም።

ነገ በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ ልጆች የሚያዩት ሰሌዳውን ብቻ አይደለም፤ እጃችንንም ያያሉ። እንግዲህ እጃችን ይማር!