ዝናቡ ሲመጣ መብራቱ ሲሄድ

በአገር ቤት ክረምት ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጆሃንስበርግ ግን በእነዚያ ወራት ደረቅና ብርዳም ናት፤ ዝናቧ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ያውም ከሰዓት በኋላ ድንገት በነጎድጓድ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 2016 የጣለው ዶፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ አውራ ጎዳና ላይ መኪና አስጥሟል፣ ሰውም ገድሏል።

ቴምቢሳ ውስጥ ምድር ቤት ያለው ቤት ብርቅ ነው። ዳሩ ግን የተከራዩት ስፓዛ ከመንገዱ ዝቅ ካለ ያው ምድር ቤት ማለት ነው፤ ካልስፕሩት ወንዝ አጠገብ ከሆነማ አይወራ። ጉድጓድ አስቆፍሮ ፓምፕ ያስገባ ሰው ተረጋግቶ ይተኛል። ፓምፑ ግን የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በዚያው በመብረቁ ሰዓት ነው። በ2023 ሎድ ሼዲንግን የቀመሰ ይህን አይረሳውም። ባትሪ ያለው መጠባበቂያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሞተሩን የሚያስነሳው ተንሳፋፊም በፌስታልና በጭቃ ይያዛል፤ ከጥቅምት በፊት ሁለት ባልዲ ውሃ አፍስሶ መሞከር ይበቃል።

ውሃ የሞላው ክፍል መብራቱ ሳይቆረጥ አይገባም። ጣጣው፣ ብሬከሩ አከራይዋ ቤት ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሌሊት በር ከመደብደብ ጎጎን በደህና ቀን ማነጋገር ይሻላል።

ዱቄትና ስኳር ከወለል ከፍ ይበል። የራሰው ይጣላል፤ አንጀት ቢያሳርርም ውሃው ፍሳሽ የተቀላቀለበት ነው። በኅዳር 2024 ፕሬዚዳንት ራማፎዛ ስፓዛዎች በ21 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ያዘዙት ሕፃናት በተመረዘ ምግብ ከሞቱ በኋላ መሆኑ አይዘነጋም። ከመጣሉ በፊት ግን ፎቶ ይነሣ፤ በኪራዩ ላይ ከጎጎ ጋር ለመነጋገር ይረዳል።