በእግር ለመናፈስ፦ የሄይፊልድ መንደር
ሳምንቱን በሥራ ቦታና በማጀት ለደከመች እናት በእግር መናፈስ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዕረፍት ነው። በእንግሊዝ አገር፣ በደርቢሺር፣ ከኪንደር ስካውት ተራራ ግርጌ ያለችው የሄይፊልድ መንደር ለዚህ ትመቻለች። ከመንደሯ ተነሥቶ የሴት ወንዝን (ስሙ ነው እንጂ ከእኛ ጋር ዝምድና የለውም) ተከትሎ እስከ ኒው ሚልስ የሚዘልቀው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነበረበት፤ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተዘጋ። ባቡር አቀበት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ የሕፃን ጋሪ እየገፉም ይኬድበታል።

ወደ ተራራው መውጣት ግን አንድ ዘመን የተከለከለ ነበር። ቦታው ለባለርስቶች የወፍ አደን ተከልሎ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 24 ቀን 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የማንችስተር ሠራተኞች፣ ከሄይፊልድ ተነሥተው ክልከላውን ጥሰው ወጡ። አምስቱ እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። አካባቢው በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ዕድሉ ካጋጠመዎ፣ በግ በተሰማራበት ሲያልፉ የከፈቱትን በር መልሰው ይዝጉ። የዚያ አገር ሰማይ አይታመንምና የዝናብ ልብስና ለልጆች መለወጫ ካልሲ ይያዙ።