አጥንቱ ሲከበር አፈሩ ለምን ይረሳል?

ድንቅነሽ በ2007 አሜሪካ ሄዳ እስከ 2013 ቆየች። በ2025 ደግሞ የዲኪካዋን ሕፃን ሰላምን አስከትላ ፕራግ ወረደች (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። በሄደች ቁጥር ጭቅጭቁ ያው ነው፤ “አጥንቷ ቢሰበርስ?” ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ ግን ሌላም አለን። አጥንቱ የወጣበትን መሬት ማን እያየው ነው?

የአርዲን ነገር እንውሰድ። በ1994 መካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ ላይ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ መጀመሪያ ያገኘው የእጅ አጥንት ስባሪ ነበር። የቀረው አካል ሲነኩት የሚፈረፈር በመሆኑ ከነአፈሩ በጀሶ እየተጠቀለለ አዲስ አበባ ሙዚየም ገባ። ዝርዝር ጥናቱ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ በ2009 ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሲሠሩ ከረሙ? ቢሉ፣ ከአርዲ ሌላ ከዚያው አካባቢ ከ150 ሺህ በላይ የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪት ለቅመዋል። የጉሬዛ ዘር፣ የአጋዘን ዘር፣ ሾላ፣ ዘንባባ። ዛሬ ፀሐይ የሚጠብሰው አራሚስ የዛሬ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዛፍ የሞላበት አገር ነበር ማለት ነው! የሰው ዘር በሁለት እግሩ የቆመው ደኑ አልቆ ሜዳ ላይ ስለቀረ ነው የሚለውን የቆየ ትምህርት ያናጋው ይኸው ፍርፋሪ ነው። ዕድሜዋም የታወቀው ከአጥንቷ ሳይሆን ከላይዋና ከታችዋ ከተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

እንግዲህ አንድ አጥንት ከቦታው ተነቅሎ ቢሸጥ ወይም ቦታው ሳይጠና በግሬደር ቢገፋ፣ ዕድሜውም አገሩም አብሮ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሙዚየም ቢያስቀምጡት ምን ይናገራል?

የታችኛው አዋሽ ሸለቆ ከ1980 ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። መዝገብ ግን ዘብ አይቆምም። ቦታው ላይ ውሎ የሚያድረው አፋሩ ነው። በ2016 ሚሌ ወረዳ ውስጥ የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የራስ ቅል የመጀመሪያ ስባሪ ያገኘውም ዶክተር አልነበረም፤ የዚያው አገር አርብቶ አደር ነው።

ታዲያ ባለሥልጣኖቻችን ይንገሩን። ድንቅነሽ ባሕር ተሻግራ ካስገኘችው ገንዘብ ሐዳር የደረሰው ስንት ነው? ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ የዋለውስ? የአፋር ልጅ ይህንኑ ሙያ እንዲማር የተመደበውስ? የመንግሥት ምሥጢር አይመስለንም። ቁጥሩን አውጡትና እንየው።