ከምጽዋት ባሻገር፦ ጧሪ ለሌለው አረጋዊ የሚሟገት ማን ነው?

የመስቀል በዓል መስከረም 17 ቀን ተከብሮ በአራተኛው ቀን የግሸን ደብረ ከርቤ ንግሥ ይውላል። መስከረም 21 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በአንድ ቀን ቢዛነፍም፣ የዓለም አረጋውያን ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዕለቱን የወሰነው በታኅሣሥ 1983 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ መታሰብ የጀመረው በ1984 ዓ.ም. ነው። በበዓሉ ሰሞን የአረጋውያንን ጉዳይ ማንሣታችን ከዚህ የተነሣ ነው።

በዳንግላና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ ልጆች ለበዓል ሲመጡ የወላጆቻቸውን ጉልበት ስመው ይመረቃሉ። በዓሉ ሲያልፍ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወይም ሥራ ወደ ተገኘበት ይመለሳሉ። ጉልበቱ የደከመው ገበሬ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ድርሻውን ይጠባበቃል። ልጅ ያልወለደው ወይም ልጁን ቀድሞ የቀበረው ደግሞ በጎረቤት ቸርነት ያድራል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ የደረሰው የጸጥታ ችግር ይህን ኑሮ ይበልጥ አክብዶታል።

ይህ የሆነው አረጋዊ ስለማይከበር አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር አዛውንቱ በክብር ተቀምጠው ይመርቃሉ፤ ደም ሲፈስ፣ ወሰን ሲገፋ የሚጠራውም ሽማግሌ ነው። ነገር ግን መከበር ሌላ፣ መጦር ሌላ ነው። ለምክር የሚፈለገው ሰው የዕለት ጉርሱና መድኃኒቱ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ግዴታ ጥሎበታል። የጡረታ ዐቅድ በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጭምር እንዲያቅፍ ተደርጓል፤ ሆኖም ደመወዝ ያልነበረው ገበሬ ከዚህ ውጭ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥተኛ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይሁንና የተዘረጋው የምግብ እጥረት በሚደጋገምባቸው ወረዳዎች ነው። ስለዚህ ምርታማ በሚባል ወረዳ የሚኖር ጧሪ የሌለው ሰው፣ ጎረቤቱ በመጥገቡ ብቻ፣ እርሱም እንደ ጠገበ ይቆጠራል።

እንግዲህ ለአረጋውያን የመሟገት ሙያ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተሟጋቹ ምጽዋት ሰብሳቢ አይደለም፤ ሕጉ የሚለውንና አረጋዊው የሚያገኘውን አስተያይቶ ልዩነቱን በወረዳም በክልልም ምክር ቤት ፊት የሚያቀርብ ነው። የመጀመሪያው ሥራው ማስቆጠር ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑት ከመቶ አምስት ያህል ነበሩ፤ የሚቀጥለው ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዝሟል። ሁለተኛው ዕድሜን ማስመስከር ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ዕድሜውን «የመሬት አዋጅ በ1967 ሲታወጅ ባለትዳር ነበርሁ» ብሎ የሚቆጥር ሰው የልደት ወረቀት አምጣ ቢባል ከየት ያመጣል? ሦስተኛው በጀትን መከታተል ነው። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ በተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ የድኾች መዋጮ በመንግሥት ይሸፈናል፤ ከቀበሌው ዝርዝር ውስጥ ስሙ የቀረ አረጋዊ ግን ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ይመለሳል።

ይህ አስተሳሰብ ከሌላ የመጣ አይምሰለን። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደሚነግረን፣ በዕለት እደላ የተዘነጉ መበለቶች ነበሩና ስለ እነርሱ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ፣ ሐዋርያት አቤቱታውን አላጣጣሉትም፤ ቅዱስ እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ሰዎች ለዚሁ ሥራ እንዲሾሙ አደረጉ። ከምጽዋቱ ላይ ኃላፊነትና ሥርዓት ተጨመረበት ማለት ነው።

በሌላውም ዓለም የሆነው ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ ኤቴል ፐርሲ አንድረስ የተባሉ ጡረተኛ ርእሰ መምህርት፣ የጡረተኛ መምህራን ችግር ከንክኗቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1958 ደግሞ ሁሉን አረጋዊ የሚያቅፍ ሌላ መሠረቱ። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኬንያ በ2018 ዕድሜያቸው 70 ለሞላ ሁሉ፣ ደመወዝተኛ የነበሩም ያልነበሩም ሳይባል፣ ወርኃዊ ድጎማ ጀምረዋል። የአፍሪካ ኅብረት የአረጋውያንን መብት የሚመለከተውን ፕሮቶኮል በጥር 2008 ዓ.ም. ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያረቅ የሥራ ቡድን እንዲቋቋም ወስኗል።

በሀገራችንም መሠረቱ አለ። የኢትዮጵያ አረጋውያንና ጡረተኞች ብሔራዊ ማኅበር አለ፤ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ ኋላም ተዘግቶ፣ በ2004 እንደ ገና ሥራ ጀምሯል። መቄዶንያን የመሰሉ ማእከላት የወደቀውን ያነሣሉ፤ ይህ የተመሰገነ ነው። ነገር ግን ከመውደቁ በፊት የሚደግፈው ሥርዓት ካልተበጀ፣ የትኛውም ማእከል ሁሉን ሊያነሣ አይችልም።

የዳንግላም ሆነ የሌላ ከተማ ወጣት ይህን ሙያ ቢመርጥ ሥራው ከደጁ ይጀምራል። በየቀበሌው ያሉ እድሮች ሙታንን በዝርዝር መዝግበው ይቀብራሉ፤ በዚያው መዝገብ ጧሪ የሌላቸውን ሕያዋን ቢያሰፍሩና የጤና መድን ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት ለቀበሌው ቢያቀርቡ፣ ወጪው አንድ ደብተር ብቻ ነው። ለበዓሉ የተሰበሰበ ቤተሰብም በአጠገቡ ያለው አረጋዊ ስሙ በመዝገቡ መኖር አለመኖሩን ይጠይቅለት።

መልካም የመስቀል በዓል ይሁንልን።