«ኀፍረተ ሥጋውን አሳየ» የሚል ክስ ሲመጣ

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከመታወጁ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። አረርቲ የሚኖሩ የእናቴ ዘመድ በማለዳ ደወሉልኝ። ልጃቸው የአይሱዙ ረዳት ነው። ጤፍ ተጭኖ እስኪያልቅ ከመኪናው ኋላ ዞር ብሎ ሲሸና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሴት ተማሪዎች አዩት። የአንዷ እናት «ለልጄ ሆን ብሎ አሳያት» ብላ አመለከተችና ልጁ ጣቢያ አደረ።

«ልጄ፣ መሽናት ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ጥያቄው ሸና ወይስ አሳየ ነው» አልኳቸው። በስልክ ሌላ የምለው አልነበረኝም።

በሕግ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች በእንዲህ ያለ ጉዳይ መሳቅ ይቀናናል። እኔም መጀመሪያ ሳልስቅ አልቀረሁም። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ በታክሲ ሰልፍ ወይም በጨለማ መንገድ እንዲህ ያለ ነገር ያልገጠማትን ሴት መፈለግ ቀላል አይደለም፤ የሚገጥማቸውም ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ «ማን ያምነኛል?» ብለው ዝም ይላሉ። ስለዚህ የእናትየውን አቤቱታ በቀልድ ማለፍ አይገባም ነበር። የልጁንም መከላከያ እንደዚሁ።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 639 የሚቀጣው በአደባባይ ወይም ለሕዝብ ዕይታ በተጋለጠ ቦታ የሚፈጸምን፣ የመልካም ጠባይን ስሜት እጅግ የሚያስቀይም ነውረኛ ድርጊት ነው። እርቃንን ማሳየትም በዚሁ ሥር ይወድቃል። እዚህ ላይ «እጅግ» የምትለዋ ቃል ቀላል አይደለችም። ሰው ሁሉ የሚጠላው፣ ግን ሁላችንም ያየነው የመንገድ ዳር ሽንት የጽዳትና የደንብ ጉዳይ ነው። ወደ አንቀጽ 639 የሚያሻግረው ሌላ ነገር መኖር አለበት።

ያ ሌላ ነገር ሐሳብ ነው። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 23 ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ካልተገኙ ወንጀል ተፈጸመ አይባልም ይላል። በአንቀጽ 59 ደግሞ በቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት የሚያስቀጣው ሕጉ በግልጽ ሲደነግግ ብቻ ነው። አንቀጽ 639 ቸልተኝነትን አያነሳም። እንግዲህ ቀበቶው የተፈታበት፣ ማንም አያይም ብሎ ዞር ያለ፣ ወይም በድንገት ሰው የደረሰበት ሰው በዚህ አንቀጽ ጥፋተኛ ሊባል አይገባም ማለት ነው።

ነገር ግን ጠበቆች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ወጥመድ አለ። በአንቀጽ 58 መሠረት ሐሳብ ማለት ውጤቱን መፈለግ ብቻ አይደለም፤ ሊደርስ እንደሚችል እያወቁ «የመጣው ይምጣ» ብሎ መቀጠልም ሐሳብ ነው። ተማሪዎች በሚወጡበት ሰዓት፣ በሚያልፉበት መንገድ፣ «ያየኝም ይየኝ» ያለ ሰው ሽንቱ ወጥሮት ነበር ማለቱ ብቻውን አያድነውም። በመከላከያ ረገድ ወሳኙ እንግዲህ ዝርዝሩ ነው፦ ሰዓቱ፣ ርቀቱ፣ መኪናው ምን ያህል ይከልል እንደነበር፣ ፊቱ ወዴት እንደነበር፣ ሰው ማየቱን ሲያውቅ ምን እንዳደረገ።

ቦታና ልማድም ይመዘናሉ። እዚያው ወረዳ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል አለ። ሰው ለፈውስ ልብሱን አውልቆ ይጠመቃል፤ ያየ ሰው ነውር አይለውም። ያው ገላ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ሆን ተብሎ ቢገለጥ ወንጀል ይሆናል። የአእምሮ ሕመምተኛ እርቃኑን በአስፋልት ሲሄድ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ፍርድ ቤት ስለ ተከሳሹ አእምሮ ከተጠራጠረ በአንቀጽ 51 የባለሙያ አስተያየት እንዲቀርብለት ያዛል፤ እንዲህ ያለው ሰው ከእስር ይልቅ እንደ አማኑኤል ያለ ሆስፒታል ያስፈልገዋል።

ወደ አረርቲው ልጅ ልመለስ። ስደርስ ሽማግሎች ተሰብስበዋል። ሐሳባቸው ልጁ ከእናትየው እግር ሥር ወድቆ «አጥፍቻለሁ» እንዲል ነበር። በአገራችን ባህል መልካም ነው፤ በመዝገብ ላይ ግን አደገኛ ነው። ወንጀል የመንግሥት ጉዳይ ስለሆነ ዕርቁ ክሱን ላያስቆመው ይችላል፤ «አጥፍቻለሁ» የሰሙት ሽማግሎች ግን ነገ ምስክር ሆነው ሊጠሩ ይችላሉ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 134 ተከሳሹ የተከሰሰበትን በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ ወዲያውኑ ጥፋተኛ ሊለው እንደሚችል ይደነግጋል። «አዎ ሸንቻለሁ» ማለት «አዎ አሳይቻለሁ» ማለት አይደለም፤ በድንጋጤ ላይ ያለ የሃያ ዓመት ልጅ ግን ይህን ልዩነት ከየት ያመጣዋል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ያለመናገር መብትን፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብን ይሰጣል። በአንቀጽ 20 ንጹሕ ሆኖ መገመትን፣ ምስክርን መስቀለኛ መጠየቅን፣ አቅም ለሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰውም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ማግኘትን ያረጋግጣል። ክሱ ዋስትና የሚያስከለክል ዓይነት አይደለም። ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው። ለሽማግሎቹም ይቅርታ መጠየቅ ካስፈለገ «ስላስደነገጥኳችሁ አዝናለሁ» ይበቃል አልኳቸው። አንዱ «ይህ የጠበቃ ይቅርታ ነው» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነበር።

ጉዳዩን የለየው የልጃገረዶቹ ቃል ነው። አንዷ «ዞሯል» ብላ ነበር። ዞረ የሚባለው ወደ እነርሱ ከሆነ ልጁ አበቃለት። እንደገና ሲጠየቁ ግን ሦስቱም ጀርባውን ሰጥቷቸው እንደነበር፣ ሲስቁ ሰምቶ ሱሪውን እያጠበቀ ወደ ጋቢናው እንደሮጠ ተናገሩ። ዐቃቤ ሕግ በማስረጃ ማነስ መዝገቡን ዘጋው።

ጋሼ ደስ ብሏቸው ጠላ አስቀርበው ነበር። እናትየው ግን ዕርቁ ላይ አልመጣችም። ልጇን ከዚያ ወዲያ ረዘም ባለው መንገድ ትልካት እንደነበር ሰምቻለሁ።