የእስራት ዘመን እንዴት ይቆጠራል?

ከሀደሮ ስንቅ ቋጥራ ወደ ማረሚያ ቤት የምትጓዝ እናት ዘወትር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም «ልጄ መቼ ይፈታል?» የሚል ነው። መልሱን ከመንገደኛ ወሬ ወይም ገንዘብ ከሚቀበላት ደላላ ሳይሆን ከሕጉ ብታገኘው ይሻላል። እኛም ለተማሪዎችና ለወጣት ሠራተኞች ይህንኑ አቆጣጠር በአጭሩ ልናስረዳ ወደናል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ለመላው ኢትዮጵያ አንድ ነውና፥ በሀደሮም ሆነ በአዲስ አበባ የሚፈረደው በእርሱ ነው። ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፥ ጽኑ እስራት ደግሞ ከ1 እስከ 25 ዓመት ነው፤ ሕጉ በግልጽ ባዘዘ ጊዜም እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ዳኛው ግን እንደ ወደደ አይቈርጥም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. አውጥቶ በ2006 ዓ.ም. ባሻሻለው መመሪያ መሠረት ለጥፋቱ ደረጃ ይወጣለታል፤ ማክበጃ ምክንያት ወደ ላይ፥ እንደ ልባዊ ጸጸት ያለ ማቅለያ ምክንያት ወደ ታች ይወስደዋል።

ከፍርድ በፊት በጥበቃ ሥር ያለፈው ጊዜ ከቅጣቱ ይቀነሳል። ከዚያም አመክሮ አለ፤ 9 ዓመት የተፈረደበት ሰው ከሦስት እጅ ሁለቱን፥ ማለትም 6 ዓመት፥ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም 20 ዓመት ሲፈጽም ጥያቄው ለፍርድ ቤት ሊቀርብለት ይችላል። ነገር ግን ዘመኑ ስለ ሞላ ብቻ በሩ አይከፈትም። ጠባዩን ማረሙ፥ በአቅሙም ልክ ለተበዳዩ መካሡ ይመረመራል። ተበዳዩም የሀገር ልጅ ነውና፥ ይህ መሆኑ የተገባ ነው። በአመክሮ የወጣውም ሰው የታዘዘበትን ግዴታ ቢያፈርስ ወደ እስራቱ ሊመለስ ይችላል።

ይቅርታና ምሕረት ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። ይቅርታ ቅጣቱን ያስቀራል ወይም ያቀላል እንጂ ፍርዱን ከመዝገብ አይፍቅም፤ በ2010 ዓ.ም. እንደ ወጣው አዋጅ ያለ ምሕረት ግን ክሱንም ፍርዱንም ያነሣል።

እንግዲህ የሒሳቡ ሁሉ መነሻ አንዲት ቀን ናት፤ ሰውየው የተያዘባት ቀን። ይህችን ቀን የሚጽፈው ምናልባት ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ጸሐፊ ነው። እርሱ በስንፍና አንድ ወር ቢዘል፥ ያ ወር ከአንድ ሰው ዕድሜ ላይ ያለ ፍርድ ተወሰደ ማለት ነው። እርሱም ሆነ ሌላ እጅ መንሻ ተቀብሎ አንድ ወር ቢጨምር ደግሞ ተበዳዩ ሁለተኛ ተበደለ።

ስለዚህ ወጣቱ ሠራተኛ ቀኑን በትክክል ይጻፍ፤ ተማሪውም ሕጉን አንብቦ ለማያነቡ ወላጆቹ ያስረዳ። «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሕዝብ፥ ሕጉም በትክክል ሲቆጠርለት ማየት ይገባዋል።